ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ከተሰፋበት ሲላቀቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ብዙ ምክር ይሰጠዋል። አንዱን ጥያቄ ግን ሳይጠይቀው በሆዱ ይዞት ይሄዳል፦ «ይህ የተሰፋልኝ ነገር ቢወልቅስ?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ቫልቭ ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። ችግሩ ፍርሃቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማስነጠስን፣ ዕቃ ማንሳትንና በጎን መተኛትን የሚፈራው ሰው፣ ለቀናት የዘለቀ ትኩሳትን «ጉንፋን ነው» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ የተጻፈው የእርስዎን ልብ የሚያውቀውን ሐኪም አይተካም፤ ሐኪምዎ ፊት ሲቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ግን ይጠቁማል።

ቫልቩ ተላቀቀ ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው?

ልብ ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ አራት ቫልቮች አሉት። ብዙ ጊዜ የሚቀየሩት በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ናቸው። ማይትራል የሚባለው በላይኛውና በታችኛው የግራ ክፍል መካከል ይገኛል፤ አኦርቲክ የሚባለው ደግሞ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ታላቁ የደም ቧንቧ የሚገባበት በር ላይ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የተበላሸውን ቫልቭ ያነሳና በምትኩ ከካርቦን የተሠራ ሜካኒካል ቫልቭ፣ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን አለዚያም ከአሳማ ቫልቭ የተዘጋጀ ባዮሎጂካል ቫልቭ ያስገባል። ሁለቱም ዓይነት ዙሪያውን በጨርቅ የተሸፈነ ቀለበት አላቸው። መርፌው የሚያልፈው በዚህ ጨርቅ ውስጥ ነው። ቀለበቱ የቀድሞው ቫልቭ በነበረበት የሥጋ ጠርዝ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሥር በሚበልጡ ስፌቶች ዙሪያውን ይታሰራል።

ቀለበቱን እንደ በር መቃን ያስቡት። በሩ ራሱ በደንብ ይከፈታል፣ በደንብ ይዘጋል፤ መቃኑ ግን በአንድ ጎኑ ከግድግዳው ለቆ ክፍተት ተፈጥሯል። ደም በትክክለኛው በር ሳይሆን በዚያ ክፍተት ሾልኮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሐኪሞች ይህን የጎን መፍሰስ ይሉታል፤ አብዛኛው መላቀቅም ከዚህ ደረጃ አያልፍም። ክፍተቱ ከሰፋ ቫልቩ በእያንዳንዱ የልብ ምት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። በስፌት የተያዘ ቫልቭ ጨርሶ ተገንጥሎ መሄዱ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ያለ ስፌት በካቴተር፣ ማለትም በደም ቧንቧ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ፣ የሚገባው ቫልቭ ጠባዩ ሌላ ስለሆነ ለብቻው ወደ ታች ተጽፏል።

ምን ያህል የተለመደ ነው?

በምርመራ የሚታይ የጎን መፍሰስ፣ መጠኑ ምንም ያህል ይሁን፣ አኦርቲክ ቫልቭ ከተቀየረላቸው ከመቶ ከ2 እስከ 10 በሚሆኑት፣ ማይትራል ከተቀየረላቸው ደግሞ ከመቶ ከ7 እስከ 17 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ቁጥሩ ያስደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን ከእነዚህ የሚበዙት በጣም ትንሽ፣ ባለቤቱ ሳይሰማው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የሚኖር ፍሰት ያላቸው ናቸው። ሕመም የሚያመጣውና ሕክምና የሚፈልገው ከመቶ ከ1 እስከ 5 በሚደርሱት ላይ ነው።

ማይትራል የሚብሰው ለምንድን ነው?

የሚሸከመው ግፊት ስለሚበልጥ ነው። የግራው ታችኛ ክፍል ሙሉ ኃይሉን ተጠቅሞ ሲጨመቅ ማይትራል ቫልቭ ዝግ ነው። በጤነኛ ሰው 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚደርሰውን ግፊት ፊት ለፊት የሚቀበለው እሱ ነው። አኦርቲክ ቫልቭ ግን የሚዘጋው ልብ ዘና ሲል ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚጫነው ግፊት ወደ 80 ዝቅ ብሏል። ስፌቱን በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ የሚፈትነው ይህ ልዩነት ነው። በተጨማሪም የማይትራል ጠርዝ በዕድሜ ብዛት ካልሲየም እየተጠራቀመበት የመጠጠር ዝንባሌ አለው፤ የዚህን ጣጣ በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል።

ስፌቱ የሚለቀው በምን ምክንያት ነው?

ክሩ ተበጠሰ ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ክሩ አይበጠስም ማለት ይቻላል፤ የሚሸነፈው ክሩ የተያያዘበት ሥጋ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ጠርዙ ራሱ ነው። ካልሲየም ተከማችቶበት የጠጠረ ጠርዝ መርፌ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ቀለበቱ ተጣብቆ አይቀመጥበትም። ሐኪሙ ካልሲየሙን ፍቆ ሲያነሳ ደግሞ ከሥሩ የሚቀረው ሥጋ ሳስቶ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው፣ ከዚህ ቀደም በዚያው ቦታ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው፣ እንዲሁም ቤሼት እና ታካያሱ የተባሉትን የደም ሥር ብግነት በሽታዎች የያዘ ሰው ሥጋው ስፌት የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። በቤሼት ሕሙማን ላይ መላቀቁ ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ብግነቱን በመድኃኒት ማብረድ የሕክምናው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የአሰፋፍ ጉዳይ ነው። ከሚያስፈልገው ያነሰ ስፌት፣ በጣም የተራራቀ ስፌት ወይም ለጠርዙ የማይመጥን መጠን ያለው ቫልቭ ውጤቱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። ይህን ለመቀነስ ከስፌቱ ሥር ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ይደረጋል፤ ክሩ ሥጋውን እንዳይቆርጠው ጫናውን ያሰፋለታል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያ በቀለበቱ ጨርቅ ላይ ካረፈ ከደም ጋር የሚመጡ የመከላከያ ሕዋሳት በደንብ አይደርሱበትም፤ መድኃኒትም ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ተሕዋሲያኑ ከጨርቁ ወደ ሥጋው ተሻግረው መግል ይቋጥራሉ፣ ሥጋውን ይበሉታል፣ ስፌቱም የሚይዘው ያጣል። ለዓመታት ጸንቶ የቆየ ቫልቭ በድንገት ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ኢንፌክሽንን ለመከላከል ተብሎ የተሠራ አንድ ነገር ሥራውን በተቃራኒው የሠራበት ታሪክም አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲልዞን የተባለ፣ የቀለበቱ ጨርቅ በብር የተለበጠ ሜካኒካል ቫልቭ ወጣ። ብር ባክቴሪያ ይገድላልና ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነበር። ከተራው ቫልቭ ጋር በተደረገ ንጽጽር ግን በብር የተለበጠው የተሰፋላቸው ሰዎች በጎን መፍሰስ ምክንያት ቫልቩ ወጥቶ የሚቀየርላቸው በዙ። ጥናቱ ተቋረጠ፤ ቫልቩም እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ከገበያ ተሰበሰበ። የልብ ሥጋ በጨርቁ ውስጥ አድጎ ካልገባ ስፌት ብቻውን ለዘለቄታው እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ያሳየ አጋጣሚ የለም።

ከባድ ዕቃ ባነሳ፣ ባስል ወይም ብወድቅ ይላቀቃል?

ጤነኛ ሥጋ ላይ በደንብ የተሰፋ ቫልቭ በዚህ አይላቀቅም። በአንድ ቀን ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ የሚገፋው ኃይል የልብዎ የራሱ ምት ነው፤ ማሳል በዚያ ላይ የሚጨምረው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በጎንዎ መተኛት፣ ደረጃ መውጣት፣ መሳቅ፣ የመኪና ቀበቶ ማሰር፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር መገናኘት ስፌቱን አይነካም።

ታዲያ «ከባድ ዕቃ አታንሳ» የሚባለው ለምንድን ነው? ለቫልቩ ሳይሆን ለደረት አጥንት ነው። ልብ ላይ ለመድረስ የደረት አጥንት በመሐል ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ ሲጨረስ በብረት ሽቦ ይታሰራል። አጥንቱ እስኪገጥም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መግፋት፣ በክንድ ተደግፎ ከአልጋ መነሳት አጥንቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ሲያስሉ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ መያዝም ለዚሁ ነው። ደረትዎ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ «ቋ» የሚል ነገር ከተሰማዎት፣ ወይም ቁስሉ ከቀላና ፈሳሽ ካወጣ ፈጥነው ይታዩ። የደረት አጥንት ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ ቫልቩም ጋ ሊደርስ ይችላልና ጉዳዩ ከቫልቩ ጨርሶ የተለየ አይደለም።

ከባድ የመኪና አደጋ ሌላ ጉዳይ ነው። ደረትዎ በኃይል ከተመታ፣ ሕመም ባይሰማዎትም እንኳ ቫልቭ እንዳለዎት ተናግረው ይመርመሩ።

የኤምአርአይ ማግኔት ቫልቩን ይስበዋል?

አይስበውም። አሁን በሥራ ላይ ያሉት ቫልቮች በኤምአርአይ ውስጥ የሚደርስባቸው ጉተታ ልብ ራሱ በየምቱ ከሚያሳርፍባቸው ያነሰ ነው። የቫልቭ መታወቂያ ካርድዎን ግን ለባለሙያው ያሳዩ። የአየር ማረፊያ መፈተሻ በርም ምንም አያደርገውም።

ከተላቀቀ ምን ይሰማኛል?

መላቀቁ ራሱ አያምም፤ ልብ ውስጥ ያለ ስፌት ሲለቅ «አሁን ለቀቀ» የሚያሰኝ ስሜት የለውም። የሚሰማው ውጤቱ ነው፤ ውጤቱም በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው የልብ ድካም ነው። ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ደም ወደ ኋላ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ ችግር ይወጡት የነበረው ደረጃ መሐል ላይ ያስቆምዎታል። ሌሊት ጠፍጣፋ ተኝተው መተንፈስ ያቅትዎታል፤ አንድ ትራስ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ይሆናል። እግር ያብጣል፣ ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨምራል። አካሄዱን ልብ ይበሉ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ሰው ከሳምንት ሳምንት እየተሻለው ሊሄድ ይገባል። ተሽሎት ቆይቶ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ቀይ የደም ሕዋሳት መሰባበር። ደም በጠባብ ክፍተት ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሲወረወር ሕዋሳቱ ከቀለበቱ ጠርዝ ጋር እየተጋጩ ይቀደዳሉ። ከውስጣቸው የሚፈሰው ቀይ ቀለም ከፊሉ በሽንት ይወጣል፣ ከፊሉ ተለውጦ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። ስለዚህ የጠዋት ሽንት ወደ ቡናማ ወይም ወደ ጠቆረ ቀይ መቀየር፣ የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን፣ የፊት መገርጣትና ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም አንድ ላይ ሲመጡ ጉበትን ብቻ መመርመር አይበቃም። ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ መሆን የነበረባቸው ሕዋሳት ተሸራርፈው፣ ቀንድ አውጥተው ይገኛሉ። ኤልዲኤች የሚባለው ልኬት ይጨምራል፤ ሃፕቶግሎቢን የሚባለው ደግሞ ይወርዳል። የሚገርመው ሕዋሳቱን ለመፍጨት ክፍተቱ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ልብን ጨርሶ የማያደክም ትንሽ ቀዳዳ ደም በተደጋጋሚ እስኪሰጥ ድረስ ደም ሊያሳንስ ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የጠቆረ ሽንት ሲያይ «መድኃኒቱ በዝቶ ነው» ብሎ መጠኑን በራሱ እንዳይቀንስ አደራ፤ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ በድንገት የመጣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን ሰውነት መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ። በእነዚህ ላይ ቀጠሮ አይጠበቅም።

የቫልቬ ድምፅ ከወትሮው ተለየብኝ። ተላቆ ይሆን?

ሜካኒካል ቫልቭ ሲዘጋ ጥርት ያለ «ጠቅ» የሚል ድምፅ አለው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አጠገብዎ ያለ ሰው ሊሰማው ይችላል፤ ጤነኛ ነው። አንዳንድ ቀን ጎልቶ ሌላ ቀን ቀንሶ መሰማቱም እንደ አተኛኘትዎና እንደ ልብዎ ፍጥነት ይለያያል። የሚያስፈራው ድምፁ ሲታፈን ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ይህ መላቀቅን ሳይሆን ቫልቩ ላይ ደም መርጋቱን ያመለክታል፤ በተለይ ዋርፋሪን የተቋረጠ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ባዮሎጂካል ቫልቭ ድምፅ የለውም።

ትኩሳት ብቻ ቢኖረኝስ?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ምክንያቱ በግልጽ ያልታወቀ፣ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ትኩሳት ካለው፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ቫልቩ እንደተጠረጠረ ይቆጠራል። ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት አብረው ሊመጡ ይችላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ቀስ ብሎ ለሳምንታት የሚጎተት ትንሽ ትኩሳት ብቻ ይሆናል፤ የሚያዘናጋውም ይህኛው ነው።

በዚህ ጊዜ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ነው። ጥቂት ፍሬ ክኒን ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ደም ውስጥ ግን ለጊዜው ይደብቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚወሰድ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው የደም ምርመራ፣ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ሐኪሙም ጠላቱን ሳያውቅ ለመታገል ይገደዳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከተለያዩ ቦታዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ደም ለካልቸር መስጠት፣ ከዚያ መድኃኒት መጀመር ነው። ሁኔታው አስቸኳይ ከሆነ ሁሉም በአጭር ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ያለ ሐኪም ጽሑፍ መድኃኒት የሚሸጥልዎት ሰው ቸር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ውለታ እየዋለልዎት አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው አንደኛ ዓመት የሚመጣው ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ በሚባሉት፣ ቆዳ ላይ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይነሳል። ከዚያ በኋላ የአፍና የአንጀት ባክቴሪያዎች ድርሻ ይጨምራል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሆኖ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ቫልቩ መላቀቅ ከጀመረ፣ መግል ከቋጠረ ወይም ልብ ከደከመ መድኃኒት ብቻውን ስለማይበቃ ቀዶ ሕክምና ይጨመርበታል።

ሐኪሙ መላቀቁን በምን ያረጋግጣል?

ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው የሚጀምረው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ቀድሞ ያልነበረ የልብ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። በደረት ላይ የሚደረገው ኢኮ ጥሩ መነሻ ቢሆንም አንድ ድክመት አለው። የቫልቩ ካርቦንና ብረት የድምፁን ሞገድ ስለሚመልሱት ከበስተጀርባቸው ጥቁር ጥላ ይፈጠራል። በማይትራል ቫልቭ ላይ ያፈተለከው ደም የሚደበቀው በትክክል እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ኢኮው ደኅና ነው» ተብለው ሕመሙ ካልተወዎት፣ በጉሮሮ ወርዶ ከልብ ጀርባ የሚያየውን ኢኮ ማሠራት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። በማደንዘዣ የሚደረግ ነው፣ ከሰዓት አይበልጥም፣ ክፍተቱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። ሦስት ገጽታ ያለው ምስል የሚያነሳው መሣሪያ ካለ ሐኪሙ ቀለበቱን ልክ እንደተሰፋ ከላይ ያየዋል።

ቫልቩ በምስሉ ላይ ሲወዛወዝ ከታየ የቀለበቱ ዙሪያ ከመቶ 40 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ለቋል ተብሎ ይገመታል፤ ይህን ያየ ሐኪም ነገ ተመለሱ አይልም። ተንቀሳቃሽ ምስል በሚያሳይ ራጅ የሜካኒካል ቫልቭ መዘንበል ይታያል፤ ሲቲ ስካን ደግሞ የተቋጠረ መግልን ያሳያል።

ሪፖርቴ ላይ «ቀላል መፍሰስ» ይላል። ልሸበር?

መጀመሪያ የትኛው መፍሰስ እንደሆነ ይጠይቁ። ባለ ሁለት ክንፍ ሜካኒካል ቫልቮች ሲዘጉ በመገጣጠሚያዎቻቸው ጥቂት ደም እንዲያፈተልክ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። ይህች ትንሽ ፍሰት መገጣጠሚያውን እያጠበች ደም እንዳይረጋበት ታደርጋለች፤ በኢኮ ላይ ቀጫጭን ጭረት ሆና ትታያለች። ይህ ጤናማ ነው። ከቀለበቱ ውጭ የሚፈሰው ቢሆንም እንኳ ትንሽ ከሆነ፣ ሕመም ከሌለዎትና ደምዎ ካላነሰ ክትትል ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥጋ በጨርቁ ውስጥ የሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ አንዳንዱ ቀላል ፍሰት በራሱ ይደፈናል። ዋናው ነገር ከቀዳሚው ሪፖርት ጋር ማነጻጸር ነው፤ አምናም የነበረ ፍሰትና ዘንድሮ አዲስ የመጣ ፍሰት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ ደረት ሳይከፈት ሊስተካከል ይችላል?

አንዳንዴ አዎ። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና ኢንፌክሽን ከሌለ፣ በብሽሽት በኩል በሚገባ ካቴተር ከብረት ሽቦ የተጠለፈ መወተፊያ ተወስዶ ክፍተቱ ላይ ይተከላል። ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ መወተፊያው የቫልቩን ክንፍ እንዳያግድ መጠንቀቅ ይፈልጋል። ኢንፌክሽን ባለበት፣ ወይም ከቀለበቱ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚበልጠው በለቀቀበት፣ ወይም ቫልቩ በሚወዛወዝበት ሁኔታ ግን አይሞከርም፤ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው።

መድኃኒት ክፍተት አይደፍንም። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ትንፋሽን ያቀላሉ፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ ሕዋሳት ሲሰባበሩ የጠፋውን ይተካሉ፣ ደም መስጠትም ጊዜ ይገዛል። ለቀዶ ሕክምና የማይችል ሰው በዚህ ተደግፎ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የከፋ ነው?

ይከብዳል፤ ይህን መደበቅ አይጠቅምም። ከመጀመሪያው በኋላ ልብ ከደረት አጥንቱ ጀርባ ጋር በጠባሳ ተጣብቆ ይገኛል። አጥንቱ ሲከፈት ልብን ላለመጉዳት ቀድሞ በሲቲ ስካን ይታያል፤ አንዳንዴም ደረት ከመከፈቱ በፊት በብሽሽት በኩል የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው መሣሪያ ይዘጋጃል። አደጋው የሚያሻቅበው ሰውየው በኢንፌክሽን ወይም በከባድ የልብ ድካም ተዳክሞ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው አይቀሬ መሆኑ ከተነገረዎት፣ «እስክጠነክር ልቆይ» የሚለው ብዙ ጊዜ አቅምን የሚጨምር ሳይሆን የሚጨርስ ምርጫ ነው።

በካቴተር የገባ ቫልቭ ከቦታው ይንሸራተታል?

ይህ ቫልቭ ስፌት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳዊው የልብ ሐኪም አላን ክሪቢዬ በሩዋን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ካስገባው ወዲህ ብዙ አረጋውያንን ከደረት መከፈት አድኗል። ተጣጥፎ በብሽሽት የደም ቧንቧ ይገባል፤ አኦርቲክ ጋ ሲደርስ ይዘረጋና የጠጠረውን አሮጌ ቫልቭ ወደ ጎን ገፍቶ በመጨናነቅ ብቻ ይቆማል። ለቀዶ ሕክምና ጠላት የነበረው ካልሲየም እዚህ ላይ መያዣ ሆኖ ያገለግላል።

ቫልቩ ከጠርዙ ያነሰ ከሆነ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተተከለ፣ አለዚያም በሚዘረጋበት ቅጽበት ልብ በኃይል ከመታ ወደ ታላቁ የደም ቧንቧ ወይም ወደ ልብ ውስጥ ሊንሸራተት ይችላል። ይህ ከመቶ በአንድ ሰው ገደማ ላይ ይደርሳል፤ የሚደርሰውም በአብዛኛው እዚያው ሕክምናው እየተካሄደ ወይም በሰዓታት ውስጥ ነው። ወደ ደም ቧንቧው የሄደው በማጥመጃ ሽቦ ተጎትቶ ጉዳት በማያደርስበት ቦታ ይቀመጥና ሁለተኛ ቫልቭ ይተከላል። ወደ ልብ ውስጥ የወደቀው ግን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ወራት አልፈውት በቦታው የጸና ቫልቭ ባለቤት ይህን እያሰበ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

ጥርስ ማስነቀል እችላለሁ?

ይችላሉ፤ እንዲያውም የተበላሸ ጥርስ አፍ ውስጥ ማቆየት ከማስነቀሉ የከፋ ነው። ድድ ወይም የጥርስ ሥር ከሚነካ ሕክምና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ፤ ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ሰው ሐኪሙ ሌላ ያዛል። ዋርፋሪን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። በየቀኑ ጥርስ መቦረሽና ድድ እንዳይደማ መንከባከብ ደግሞ ከአንድ ቀን ክኒን የሚበልጥ መከላከያ ነው።

ሁልጊዜ ይዤው መዞር ያለብኝ ነገር አለ?

አለ። የቫልቭ ካርድዎ ላይ የቫልቩ ዓይነት፣ በሚሊሜትር የተጻፈ መጠኑ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የተተከለበት ቦታና ቀን መኖራቸውን ያረጋግጡ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ የታዘዘልዎትን የአይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ልኬት) መጠን ከጀርባው ይጻፉበት። ከእሱ ጋር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ የተነሳውን ኢኮ ሪፖርት ቅጂ ያኑሩ። ድንገት በማያውቅዎት ሐኪም እጅ ቢገቡ፣ አዲስ ነገር መምጣቱን የሚለየው ከዚያ ወረቀት ጋር አስተያይቶ ነው። ሁለቱንም በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለአንድ የቤተሰብ አባልም ይላኩ።